ሰርፊንግ ወይስ ፓድልቦርድ? መጀመሪያ ውሃችሁን እወቁ

“የትኛው ይቀላል?” ሰው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ነው የሚጀምረው። መልሱ አጭር ነው፤ ፓድልቦርድ ይቀላል። ግን ይህን መልስ ብቻ ይዘው ሰሌዳ ገዝተው ከሁለት ወር በኋላ የተዉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሰሌዳው አልጋ ሥር ገብቶ አቧራ ይጠጣል። አብዛኞቹ ስፖርቱ ከብዷቸው አልተዉትም። የመረጡት ነገር በቅርባቸው ካለው ውሃ ጋር አልገጠመም፤ ወይ ደግሞ ልባቸው የፈለገው ሌላውን ነበር።

ስለዚህ እኔ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ በሌላ ጥያቄ ነው የምጀምረው። በወር ሦስት አራት ጊዜ ሳትቸገሩ የምትደርሱበት ውሃ የቱ ነው? ሐይቅ ነው? ወንዝ ነው? ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ነው? ወይስ ሞገድ የሚመታው ክፍት ዳርቻ? የዚህ መልስ ግማሹን ምርጫ ይጨርስላችኋል።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ሰርፊንግ ማለት በሰሌዳ ላይ በደረት ተኝቶ፣ በእጅ እየቀዘፉ ወደ ባሕሩ ገብቶ፣ የሚመጣውን ሞገድ ጠብቆ፣ ሞገዱ ከኋላ ሲገፋ ብድግ ብሎ በእግር ቆሞ መንሸራተት ነው። ፓድልቦርድ ደግሞ ሰፋና ወፈር ያለ ሰሌዳ ላይ ከመጀመሪያው ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ መሄድ ነው። ሞገድ ካለ ይጋልቡታል። ከሌለም መንገዱ ይቀጥላል። ሰርፊንግ ግን ሞገድ ከሌለ የለም።

ሰው እንዴት ነው የሚገባበት?

ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያሉት የፖሊኔዥያ ደሴቶች ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በእንጨት ሰሌዳ ሞገድ ይጋልቡ ነበር። በሃዋይ ባላባቱም ተራውም፣ ወንዱም ሴቱም ይንሸራተት ነበር። በነገራችን ላይ የእኛም አህጉር ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የዛሬዋ የጋና ዋና ከተማ አክራ ዳርቻ ላይ ልጆች ቀላል ሰሌዳ ደረታቸው ሥር አድርገው ሞገድ ሲጠብቁ ያየ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጽፎታል። ይህ ታሪክ ይበልጥ ሊወራለት የሚገባ ይመስለኛል።

ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተው ግን በጥቂት ሰዎች እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ጆርጅ ፍሪት የተባለ የሃዋይ ወጣት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ሄንሪ ሀንቲንግተን የተባለው የባቡር ሐዲድ ባለሀብት በሬዶንዶ ቢች ሕዝብ ፊት እንዲንሸራተት ቀጠረው። ሰዉ በባቡር እየተሳፈረ ሊያየው መጣ። ከዚያ ዱክ ካሃናሞኩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ ያጠለቀው ማለት ነው። ይህ ሰው በ1914 መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ሲድኒ አቅራቢያ ባለው ፍሬሽዋተር ዳርቻ ላይ ሰርፊንግ አሳየ። ሰሌዳውን እዚያው ከጥድ እንጨት አስጠርቦ ነው የሠራው። ኢዛቤል ለታም የምትባል የ15 ዓመት ልጅ እሱ ከኋላ ይዟት በዚያ ሰሌዳ ላይ ቆመች። በኋላ እሷም የዋና አስተማሪ ሆነች።

ዛሬም አገባቡ ብዙ አልተለወጠም። አንድ የሚችል ሰው ታያላችሁ፤ ልባችሁ ይደነግጣል። ከዚያ እጃችሁን ይዞ የሚያስገባችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሰርፊንግን ለብቻዬ ከቪዲዮ እማራለሁ ያለ ሰው ሲሳካለት ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

የፓድልቦርድ በር ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዋይኪኪ ዳርቻ እንግዶችን የሚያስተምሩ የሃዋይ ልጆች አንዳንዶቹ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ቆመው በመቅዘፊያ ይሄዱ ነበር። የቆመ ሰው ተማሪዎቹን በደንብ ያያል፤ የሚመጣውን ሞገድ ከሩቅ ያያል፤ ካሜራውንም ሳያረጥብ ፎቶ ያነሳል። ነገሩ ለረጅም ጊዜ እዚያው ቀረ። በኋላ እንደ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ ያሉ የሃዋይዋ ማዊ ደሴት ታዋቂ ሰርፈሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደገና አነሱት። ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ ያወረደው ግን በአየር የሚነፋው ሰሌዳ ነው። ውስጡ የላይኛውንና የታችኛውን ሽፋን በሚያያይዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች የተሞላ ስለሆነ በደንብ ሲነፋ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ሲተነፍስ ተጠቅልሎ በጀርባ ይታዘላል። አሁን ወደ ፓድልቦርድ የሚገባው አብዛኛው ሰው ባሕር አይቶ አያውቅም ቢባል እንኳ አይደንቀኝም። በሽርሽር፣ በጓደኛ ሰሌዳ፣ በአንድ ሰዓት ኪራይ ነው የሚገባው።

የመጀመሪያው ቀን

ፓድልቦርድ ላይ የመጀመሪያው ቀን ደግ ነው። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ትጀምራላችሁ። ጥቂት ከቀዘፋችሁ በኋላ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። እግሮች በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ወደ ፊት፣ ጉልበት ላላ፣ ዓይን ወደ አድማሱ። እግራችሁን እያያችሁ ከሆነ ትወድቃላችሁ፤ ይሄ እርግጥ ነው። ነፋስ በሌለበት ሐይቅ ላይ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ቆሞ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ የመቅዘፊያው ምላስ ትንሽ የተጠማዘዘ ነው፤ ጥምዙ ወደ ፊት፣ ወደ ሰሌዳው አፍንጫ እንጂ ወደ እናንተ መዞር የለበትም። ጀማሪ ሁሉ ገልብጦ ይይዘዋል። እርዝመቱም ከቁመታችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይብለጥ።

ሰርፊንግ እንዲህ አይቀበላችሁም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያልፉት ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ተሰብሮ አረፋ የሆነውን ነጭ ሞገድ እየጠበቁ ነው። ሞገዱ ይገፋችኋል፣ ሰሌዳው ይሄዳል፣ እጃችሁን ከደረታችሁ ጎን ትክላችሁ ብድግ ትላላችሁ፣ ትወድቃላችሁ። እንደገና። የሠለጠነ ሰው እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆሞ የሚንሸራተተው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረው መቅዘፍና መጠበቅ ነው። ይሄን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ምናልባት ትልቁ የመቅረት ምክንያት ይሄ ነው እላለሁ።

እኔ የገባሁት በሰርፊንግ ነው፤ ያውም በተሳሳተ በር። አንድ ጓደኛዬ አጭርና ሹል ሰሌዳውን አዋሰኝ፤ እሱ ስለሚችልበት ለእኔም የሚሆን መሰለው። ለሳምንታት አንድም ቀን አልቆምኩም። በኋላ አንዲት አስተማሪ ያንን ሰሌዳ አስቀምጣ 2.7 ሜትር ገደማ የሆነ ለስላሳ የአረፋ ሰሌዳ ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ቆምኩ። ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ውሃው ራሱ አንስቶ የወሰደኝ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። የመጀመሪያ ሰሌዳችሁ ረጅም፣ ሰፊና ለስላሳ ይሁን። አጭሩ አይሸሽም፣ ይደርሳል።

ውሃው ምን ይላል

ሐይቅ ወይም ጸጥ ያለ ወሽመጥ አጠገብ ከሆናችሁ ብዙ አታስቡ። ፓድልቦርድ ነው። በየሳምንቱ ትወጣላችሁ፤ ሰውነታችሁም ይለምዳል። በዓመት አንዴ ለእረፍት ሄዳችሁ የምትሞክሩት ሰርፊንግ ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ትላንት የተማራችሁትን የሚያጸናው ድግግሞሽ ነው፤ ሞገድ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ለማንበብ ዓመታት ይወስዳል። ከባሕር ርቀው ሰርፊንግ ለሚመኙ ሰው ሠራሽ የሞገድ ገንዳዎች አሉ። 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር እ.ኤ.አ. በ2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከባሕር ራቅ ባለችው ሊሙር፣ የሠራውን ለዓለም ካሳየ ወዲህ በየአገሩ እየበዙ ነው። ለመቆም መለማመጃ ግሩም ናቸው። ሞገዱ ግን በሰዓቱ ስለሚመጣ ባሕር ማንበብን አያስተምሩም።

ክፍት ዳርቻ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ የሞገዱን ዓይነት እዩ። በትንበያ ላይ ቁመቱን ብቻ አትመልከቱ፤ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ሰከንድም ተመልከቱ። ከ6 ሰከንድ በታች ከሆነ በአቅራቢያው ነፋስ የተነሳ ዝብርቅርቅ ነው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ከሩቅ ማዕበል ተነስቶ የመጣ፣ ቁመቱ ትንሽ ቢመስልም ጉልበቱ ብዙ የሆነ ሞገድ ነው። ለጀማሪ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ አሸዋ ላይ ቀስ ብሎ የሚሰበር ሞገድ በቂ ነው። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ኮራል ያለበት ቦታ ለጊዜው ይቆየን። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት 1.3 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ነው፤ አንድ ሜትር ሞገድ ሲሰበር ሥሩ ያለው ውሃ ቁመታችሁን አያህልም ማለት ነው። ስለዚህ ስትወድቁ በጭንቅላት አትጥለቁ። ጠፍጣፋ ሆናችሁ ውደቁ፤ ስትወጡም ክንዳችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ፤ ሰሌዳው ከላይ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

አንዱ የሚወደው ነፋስ ሌላውን ይገድላል

ይህን ክፍል ዝለሉት አልላችሁም። ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ለሰርፈር የምሥራች ነው። የሞገዱን ፊት ያጠራዋል፣ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ያው ነፋስ ለፓድልቦርድ ጀማሪ ዋናው አደጋ ነው። ቆማችሁ ስትቀዝፉ ሰውነታችሁ ሸራ ነው። ዳርቻው አጠገብ ዛፍና ቤት ስለሚከልለው ውሃው መስታወት ይመስላል፤ ሁለት መቶ ሜትር ስትወጡ ነፋሱ ይይዛችኋል። መሄዱ ደስ ይላል፤ መመለሱ ነው የማይቻለው። ሐይቅ ላይም እንዲሁ ነው። “ሐይቅ እኮ ነው” እያለ ስንቱ ሄዶ ደክሞ ቀርቷል።

ነፋሱ ከያዛችሁ በጉልበት ተንበርከኩ። ካልበቃ በደረት ተኝታችሁ መቅዘፊያውን ከሥራችሁ አድርጉና በእጅ ቅዘፉ። ሰሌዳውን ጥላችሁ ለመዋኘት ግን በጭራሽ አትሞክሩ። ሰሌዳው ጀልባችሁ ነው፤ ከሩቅ የሚታየውም እሱ ነው። ሰሌዳውን ከሰውነታችሁ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ላይፍ ጃኬትም ልበሱ። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2008 ፓድልቦርድን ከሞገድ መሰበሪያው ውጭ ሲሆን እንደ ጀልባ የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚፈስ ወንዝ ላይ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ አትጠቀሙ። ግንድ ወይም ድንጋይ ከያዘው ውሃው ወደ ታች ይጫናችኋል፣ ጎንበስ ብላችሁም መፍታት አትችሉም። ለወንዝ ወገብ ላይ የሚታሰርና በአንድ ጎተታ የሚለቅ አለ። ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የሰርፊንግ አደጋ ሌላ ነው። ሞገድ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፤ አንድ ጠባብ ቦታ መርጦ እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ሪፕ ከረንት ይሉታል። የሚያሳዝነው ነገር ሞገድ ስለማይሰበርበት ለማያውቅ ሰው ከሁሉም ጸጥ ያለው ቦታ እሱ ይመስለዋል። ኃይለኛው በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ምንም ዋናተኛ አይችለውም። ከወሰዳችሁ አትታገሉት። ሰሌዳችሁን ያዙ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ውጡ፣ ሞገድ ከሚሰበርበት ስትደርሱ ወደ መሬት ተመለሱ። ካቃታችሁ ሰሌዳው ላይ ሆናችሁ እጃችሁን አንስታችሁ ጥሩ።

መዋኘት የማይችል ሰውስ? ፓድልቦርድ በላይፍ ጃኬት፣ ጥልቀት በሌለው ጸጥ ያለ ውሃ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር መሞከር ይችላል። ሰርፊንግ ግን መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ማሰሪያው ሊበጠስ ይችላል፤ በሞገድ መሃል ያለ ሰሌዳ የቀረ ሰው ያለው ዋናው ብቻ ነው። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ጋ ሙቀት የሚይዝ የውሃ ልብስ ግድ ነው። ብርድ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን።

ዕቃው

ለጀማሪ የሰርፍ ሰሌዳ ከ2.4 እስከ 2.7 ሜትር የሆነ የአረፋ ሰሌዳ በቂ ነው፤ ከማሰሪያና ከውሃ ልብስ ሌላ ብዙ አያስፈልግም። ፓድልቦርድ 3.2 ሜትር ገደማ እርዝመትና ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ክብደታችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ልጅ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የበለጠ ሰፊ ምረጡ። የሚነፋውን ከመረጣችሁ ፓምፑ ላይ አትሰስቱ፤ አምራቹ እስካለው ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው፣ ሙሉ በሙሉ ንፉት። የመጨረሻው ግፊት እጅ ያደክማል፤ እዚያ ላይ የሚያቆም ሰው መሃሉ የሚሰምጥ ሰሌዳ ላይ ቆሞ “ሚዛን የለኝም” ይላል። ችግሩ አየሩ ነው። እና አንዱንም ሳትከራዩ አትግዙ። ቢያንስ አምስት ጊዜ ተከራዩ።

ሰውነትና ሰው

ትከሻችሁ ወይም አንገታችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ሰርፊንግ ያስቸግራችኋል፤ በደረት ተኝቶ ቀና ብሎ መቅዘፉ ረጅም ነው። ብድግ ማለቱም ጉልበትና ወገብ ይፈትናል። ፓድልቦርድ ላይ የሚደክመው እግርና ሆድ ነው፤ ሲደክማችሁ ግን መንበርከክ፣ መቀመጥ፣ መተኛትም ትችላላችሁ። ዕድሜ ለሁለቱም ትልቅ እንቅፋት አይደለም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አብረውኝ ተምረዋል፤ ከወጣቶቹ የሚለዩት ትዕግሥት ስላላቸው ነው።

ስለ ሰዉም ላንሳ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ይመርጣል። ሰርፊንግ ላይ ሞገዱ ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ብዙ። ስለዚህ ሕግ አለው። ሞገዱ መሰበር ከጀመረበት ጫፍ የቀረበው ሰው ባለ መብት ነው፤ እሱ ተነስቶ እየመጣ ፊቱ መግባት ነውር ነው፤ ሰውም ይጎዳል። ጀማሪ ይህን ተምሮ ጥግ ላይ ከጀመረ ሰዉ ቀስ በቀስ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ጓደኝነት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው። ፓድልቦርድ ደግሞ ወይ የብቻ ጸጥታ ነው፣ ወይ ከልጅና ከቤተሰብ ጋር እያወሩ መሄድ ነው። ሰርፊንግ ላይ እንደልብ አይወራም።

ሁለቱ የሚጋጩት ፓድልቦርዱ ሞገድ ውስጥ ሲገባ ነው። የቆመው ሰው ሞገዱን ቀድሞ ያያል፤ ሰሌዳው ትልቅ ስለሆነ ገና ከሩቅ ይይዘዋል፤ ታች ለሚጠብቁት ምንም አይተርፍም። ከወደቀ ደግሞ ያ ሁሉ ሰሌዳ በሰው መሃል ይሄዳል። በመቅዘፊያ ሞገድ መጋለብ የምትፈልጉ ከሆነ ሰው የሌለበት ቦታ ተለማመዱ፤ ሰው ባለበት ከሆናችሁም አንድ ሞገድ ከያዛችሁ ቀጣዮቹን ሁለት ለሌላው ተዉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው

“በፓድልቦርድ ጀምሬ ወደ ሰርፊንግ ልሻገር?” ይቻላል፤ ጥሩም መንገድ ነው። የሚሻገረው ነገር ሚዛን፣ ውሃን አለመፍራትና ነፋስን ማንበብ ነው። የማይሻገረው አቋቋሙ ነው። ፓድልቦርድ ላይ ሁለት እግር ጎን ለጎን ወደ ፊት ያያል፤ ሰርፍ ላይ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆኖ በጎን ትቆማላችሁ። ብድግ ማለትንም ፓድልቦርድ አያስተምርም፤ እሱን ወለል ላይ በየቀኑ አሥር ጊዜ ተለማመዱት፤ ውሃ ሳትነኩ ግማሹን ትምህርት ትጨርሳላችሁ።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ሞገድ ስታዩ ልባችሁ የሚመታ ከሆነና ዳርቻው የማይርቃችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሰርፊንግ ግቡ። ፓድልቦርዱ ቀላል ስለሆነ ብቻ በእሱ አትጽናኑ፤ ጉጉታችሁ አይረካም። አእምሮአችሁ ደክሞት ውሃ ላይ ማረፍ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ወይም ልጆቻችሁን ይዛችሁ መውጣት ካሰባችሁ፣ ክፍት ዳርቻ አጠገብ ብትኖሩም ፓድልቦርድ ውሰዱ። ሁለቱንም ለምትፈልጉና ውሃውም ለሚፈቅድላችሁ፣ ሞገድ ባለ ቀን ሰርፍ፣ ውሃው ሲተኛ ፓድልቦርድ። የማዊዎቹ ሰርፈሮች ሃሚልተንና ካላማም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁንም ካልቆረጣችሁ ሁለት ጠዋት መድቡ። የመጀመሪያው ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ፓድልቦርድ። ሁለተኛው ጠዋት ከአስተማሪ ጋር፣ አሸዋማ ዳርቻ ላይ፣ በረጅም የአረፋ ሰሌዳ ሁለት ሰዓት ሰርፊንግ። ማታ ስትተኙ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምታዩት የትኛውን ውሃ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምትከራዩት የእሱን ሰሌዳ ነው።